በሌላ ሰው የይለፍ ቃል

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ሥልጣኔ ዛሬ ጠዋት በጭነት መኪና መጣ። ስድስት ካርቶን ኮምፒውተር ነው። ካርድ ክፍላችን በር ላይ አራገፉት፣ አስፈረሙኝና ሄዱ። ዳይሬክተሩ ሠራተኛውን ሰብስቦ "ከእንግዲህ ወረቀት ታሪክ ነው" የሚል ንግግር አደረገ። ንግግሩን ያነበበው ከወረቀት ነው፤ ሦስት ገጽ። አጨበጨብን።

በዚህ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሥራ አንዱን በኃላፊነት። አርባ ሺህ ካርድ አለን። ሰው መስኮቱ ላይ ቆሞ ስሙን ተናግሮ ሳይጨርስ እጄ መደርደሪያው ላይ ነው። ለዚህ ነው "መዝገቡ" የሚሉኝ። እውነተኛ ስሜን ከሚስቴ በቀር የሚጠራው የለም፤ እሷም ስትቆጣ ብቻ ነው።

ይህን ደብተር የገዛሁት ነገሩን ከዳር ሆኜ ለመታዘብ ነው። ከስድስት ወር በላይ የሚቆይ አይመስለኝም። ማሽኑን ማለቴ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሥልጠና። አሠልጣኙ "ከዚህ በፊት ኮምፒውተር የነካ?" አለ። እጄን አወጣሁ። አልዋሸሁም፤ ዳይሬክተሩ ቢሮ ጠረጴዛውን ስደገፍ ነክቼዋለሁ።

"ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ይጫኑት ጋሼ፣ በር እንደሚያንኳኩ" አለኝ።

እኔ በር አንዴ አንኳኩቼ እጠብቃለሁ። እንደዚያ ነው ያሳደጉኝ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ናት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ የመንታ ልጆች እናት፤ ካርድ ክፍል ሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ ከአንድ ቁልፍ ጋር ስፋጠጥ እሷ ሥራዋን ጨርሳ፣ እጇን ዘርግታ፣ አንድም ቃል ሳትናገር የኔንም ታስተካክላለች። "ፈጥኖ ደራሽ" ብያታለሁ። ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ገጹ የለም። "ሴቭ አድርገውት ነበር?" አለኝ አሠልጣኙ፣ ጥፋተኛው እኔ የሆንኩ ይመስል። በኛ ሙያ የተጻፈ ተጽፏል። ቀለም "ልያዘው ወይስ ልተወው?" ብሎ ባለቤቱን አይጠይቅም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

የይለፍ ቃል ተሰጠን። ፊደል ይኑረው፣ ቁጥር ይኑረው፣ ምልክት ይኑረው፤ ስምህ አይሁን፣ የልደት ቀንህ አይሁን፤ የትም አትጻፈው፣ ለማንም አትንገረው፣ አትርሳው። ለሚስጥር ጓድ የተመለመልኩ መሰለኝ።

"ይኼ ፊርማችሁ ማለት ነው" አለ አሠልጣኙ።

እስከ ማታ ይዤው ነበር... አይ፣ ምን አስዋሸኝ፤ ከሻይ ሰዓት በኋላ ጠፋብኝ። ሦስቴ ሞከርኩ። ማሽኑ ዘጋብኝ። ለማስከፈት የኮምፒውተር ባለሙያው ዘንድ ሄዶ ቅጽ መሙላት ያስፈልጋል። በቅጹ ላይ "ምክንያት" የሚል ቦታ አለ። እዚያ ላይ ምን ብዬ እንደምጽፍ እስክወስን ድረስ ፈጥኖ ደራሽ፣ "ጋሼ፣ እስኪከፈትልዎት በኔ ይግቡ" አለችኝ። የሷን የይለፍ ቃል የዚህ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በማሽኑ ዓይን የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ። እንዲህ ወጣትነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ሰኞ የራሴን አስከፍታለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ያለፉት አምስት ዓመታት ካርዶች በኮንትራት ጸሐፊዎች አስቀድመው ማሽኑ ውስጥ ገብተዋል። የዛሬው ትምህርት እነሱን ስለመፈለግ ነበር። "በስም ካጣችሁት በስልክ ቁጥር ፈልጉ፣ ከዚያ በእናት ስም። ሦስቱም እምቢ ካሉ ብቻ 'አዲስ' የሚለውን ተጫኑ።" ይህን ሦስቴ ደጋገመው። እኔ ጣልቃ ገብቼ፣ "እኛ ሰው ስናጣ ወጥተን ኮሪደሩ ላይ እንጣራለን" አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አሠልጣኙም ሳቀ፤ ከዚያ ምን እንዳለ አልሰማሁም።

ካርድ ፈልጎ ማግኘትን ለኔ ሊያስተምር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ፈተና። ሰማንያ ሁለት አመጣሁ። ፈጥኖ ደራሽ አጠገቤ ነበረች፤ ይኼው ነው።

ሰርተፍኬቱ የወርቅ ቀለም ጠርዝ አለው። ዳይሬክተሩ በሠራተኛው ፊት እጄን ጨብጦ፣ "ዕድሜ ሰበብ እንደማይሆን ከመዝገቡ ተማሩ" አለ። አጨበጨቡ። አሁን በየትኛው እግሬ ሄጄ ነው የይለፍ ቃሌን ረሳሁ የምለው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ሚስቴ ሰርተፍኬቱን ሳሎን ሰቀለችው፣ በሩ ትይዩ። እሷ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። የዛሬ አራት ዓመት ኮምፒውተር ስትማር "በዚህ ዕድሜሽ ከጨዋታ ጋር ምን አገናኘሽ?" እያልኩ ስቀልድባት ነበር። ዛሬ ላፕቶፑን ከትምህርት ቤት ይዛ መጥታ፣ "የመጻሕፍት መጠየቂያ ደብዳቤ አለብኝ፤ እጄ ደክሟል፣ እኔ ልንገርህ አንተ ጻፍልኝ" አለች።

ዓይኔን እንደሚያመኝ ነገርኳት።

"እሺ" አለች። ራሷ ጻፈችው። እጇ የደከመ አይመስልም ነበር።

የወረቀት ካርዶቹ ሰኞ ዕለት ምድር ቤት ወርደዋል። ባዶው መደርደሪያ ሲያዩት ያስጠላል። የይለፍ ቃሉን በዚህ ሳምንት፣ ግድ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

መስኮቱ ላይ ረጅም ሰልፍ። ፈጥኖ ደራሽ የለችም፤ መንታዎቹን ትኩሳት ይዟቸዋል። ትናንት ማታ ደውላ አስፈቀደችኝ፤ "ሂጂ፣ እኔ አለሁ" አልኳት። መቅረቷ እንዳይቆጠርባት የሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ ገብታለች ብዬ ፈረምኩላት። ደግ አለቃ ነኝ።

በሷ ስም ሠላሳ ስምንት ሰው አስገባሁ። ብቻዬን። አንዲት አስተማሪ ድምፅዋ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ስሟን በሹክሹክታ ነገረችኝ። ጻፍኩ፤ "አልተገኘም" አለ። ፊቷን አውቀዋለሁ። "እዚህ ታክመሽ አታውቂም?" አልኳት። ጣቶቿን አሳየችኝ፤ አራት፤ ከዚያ ሆዷን። ከአራት ዓመት በፊት ለወሊድ ማለቷ ነው። ከኋላዋ ያለው ሰውዬ ሰዓቱን እያየ ይተነፍሳል። "አዲስ" የሚለውን ተጫንኩ። ለጥያቄዎቹ ሁሉ "የለም፣ የለም፣ የለም" እያልኩ አለፍኩ። ፈጣን ነኝ። አሠልጣኙ ቢያየኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ጽዳት ሠራተኛዋ ኮሪደር ላይ ለሌላዋ ስትነግር ሰማሁ። "አስተማሪዋን ትናንት መርፌ ወጓት ፊቷ ይኼን አክሎ አበጠ፤ ጉሮሮዋ ተዘጋ። ለትንሽ ነው የተረፈችው። እስካሁን አልነቃችም።"

ብዙ አስተማሪ አለ። በማላውቀው ነገር አልገባም።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ምድር ቤት ወረድኩ። ካርዷን ለማግኘት አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ስሟ የሚጀምረው በፀሐዩ ፀ ነው። እኔ ማሽኑ ላይ የጻፍኩት በጸሎቱ ጸ ነበር። በመደርደሪያዬ ላይ ሁለቱ ጎረቤታሞች ነበሩ፤ እጄ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነበር የሚዳብሰው። ለማሽኑ ግን ሌላ ፊደል ሌላ ሰው ነው።

ካርዱ ጀርባ ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፏል። "ፔኒሲሊን አይስማማትም"። ጽሑፉ የኔ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሐኪሙ ሲነግረኝ እኔው ነኝ ጽፌ የለጠፍኩት። ማሽኑ ውስጥም አለ፣ በፀሐዩ ፀ፣ በቀይ። ሐኪሙ ያየው ግን እኔ የከፈትኩትን ባዶ ነው፤ "የለም፣ የለም፣ የለም"። ድምፅ ለሌላት ሴት።

ካርዱን መልሼ አስቀመጥኩት። ለምን መልሼ እንዳስቀመጥኩት አልጽፍም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ኮሚቴ። ዳይሬክተሩ፣ ዋና ነርሷ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው፣ ፈጥኖ ደራሽና እኔ። ባለሙያው አንድ ወረቀት አወጣ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጻፈ ማሽኑ ራሱ ይመዘግባል አለ። ይህን አላውቅም ነበር። ሁለት መዝገቡ ነን ለካ በዚህ ሆስፒታል።

ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ። አዲስ ካርድ፣ በጸሎቱ ጸ። አለርጂ፦ የለም። ያስገባው ሰው ስም፦ የፈጥኖ ደራሽ።

"እኔ ረቡዕ አልገባሁም" አለች።

"መቆጣጠሪያው ላይ ገብተሻል ይላል" አለ ዳይሬክተሩ።

"ልጆቼ ታመው ቤት ነበርኩ። በስልክ አስፈቅጃለሁ። ጋሼ ያውቃሉ።"

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እሷ ብቻ አልዞረችም፤ እጆቿን ነበር የምታየው። ማን እንደጻፈው እሷ ታውቃለች። የይለፍ ቃሏን ለማን እንደሰጠችም ታውቃለች። ግን አልተናገረችም፤ ለኔ ተወችልኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ስም፣ የሰው በሽታ፣ የሰው ልጅ ብዛት በጭንቅላቴ ይዤ የኖርኩት ሰውዬ፣ "እስቲ ላስታውስ" አልኩ።

እስቲ ላስታውስ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከሥራ አገዷት። ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ ስልክ የማናግር መሰልኩ። ስልኩ ጠፍቶ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

መስኮቱ ላይ ሌላ ልጅ ተመደበ። እኔ "እቆጣጠራለሁ"። ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

አስተማሪዋ ነቅታለች አሉ። ደስ አለኝ። ደስ ያለኝ ለሷ ነው ወይስ ለራሴ? ለይቼ ማወቅ አቃተኝ። የሷን ሞት ፈርቼ ይሁን የኔን ውርደት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ለሚስቴ ነገርኳት። ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር፤ ካውያውን አቆመችው።

"ሰማንያ ሁለቱስ?" አለች።

"እሷ ናት የሠራችልኝ።"

"እሱንማ አውቃለሁ።"

"ታውቂ ነበር? ታዲያ ሰርተፍኬቱን ለምን ሰቀልሽው?"

"እስክታወርደው ድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅብህ ልይ ብዬ ነዋ።"

አሥራ ስምንት ቀን። አወረድኩት። ከዚያ እሷ ስለ አስተማሪዋ አልጠየቀችኝም፤ የጠየቀችኝ፣ "የመንታዎቹ ትኩሳት ተሻላቸው ወይ?" ብላ ነው። አላውቅም። ለመጠየቅ አልደወልኩም።

እሑድ፣ ኅዳር 14

አስተማሪዋን ልጠይቅ ሄድኩ። አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣለች፤ የፊቷ እብጠት ጎድሏል፤ ጉሮሮዋ ገና ስለሆነ እንዳትናገር ከልክለዋታል። የደብተር ወረቀትና እርሳስ ሰጥተዋታል። ከካርድ ክፍል መሆኔን ነገርኳት። ጻፈች፤ ጽሕፈቷ ክብ ክብ፣ ለሕፃናት እንደሚጻፍ ነው።

"የስሜ ፊደል ተለውጦ ነው አሉኝ። እኔ አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ሁለቱ ፊደላት ድምፃቸው አንድ ነው እያልኩ ነው የማስቆጥራቸው።"

"እኔ ነኝ የለወጥኩት" አልኳት። "ያቺ የታገደችው ልጅ አይደለችም። እኔ ነኝ። መፈለግ አልቻልኩበትም፤ አልችልም ማለት ደግሞ አፈርኩ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።"

እርሳሷን አነሣች። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ አንድ መስመር ጻፈችና ወደኔ አዞረችው።

"ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?"

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ቀይ ወረቀት የተለጠፈበትን ካርድ ይዤ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ቁጭ ሳልል ሁሉንም ተናገርኩ። ረቡዕ መስኮቱ ላይ እኔ ነበርኩ፤ የገባሁት በሷ የይለፍ ቃል ነው፤ የራሴ ከጠፋ ከአንድ ወር በላይ ሆኖታል፤ መቆጣጠሪያው ላይ በውሸት የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ኮምፒውተር አልችልም።

"ሰማንያ ሁለት አምጥተሃል እኮ" አለኝ።

"ሰማንያ ሁለቱ የሷ ነው። የኔ ወንበሩ ላይ መቀመጡ ነው።"

ተነሥቶ በሩን ዘጋው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስማኝ መዝገቡ፣ ይኼ ነገር ከወጣ ሁላችንም ነን የምንነካው። ሲስተሙ አዲስ ነው። አዲስ ነገር ይሳሳታል። ማሽኑ ነው ያምታታው ብለን ብንዘጋውስ? ልጅቷም ትመለሳለች፣ አንተም ቦታህ ላይ ነህ።"

እውነቱን ልጻፍ፤ ለአንድ እስትንፋስ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ በዚህ ደብተር ላይ ማሽኑን ስሰድብ ነው የከረምኩት፤ አሁን አንድ ሰው መጥቶ ጥፋቱን ሁሉ አሸክመው ይለኛል። ከዚህ የተሻለ ስጦታ ከየት ይመጣል?

"ማሽኑ የጻፍኩበትን ነው የያዘው" አልኩት። "ማሽኑ ነው ካልን ነገም እንደኔ ያለ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣል።"

የኮምፒውተር ባለሙያው ተጠራ። ቅጽ አቀረበልኝ። "ምክንያት" በሚለው ቦታ ላይ "ረሳሁት" ብዬ ጻፍኩ። አንድ ቃል ናት። አርባ ቀን ያህል የፈጀችብኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ውሳኔው መጣ። ከኃላፊነት ተነሥቻለሁ፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያም ተጽፎብኛል። ምድር ቤት ያሉትን የቀሩትን አሮጌ ካርዶች አንድ በአንድ ማሽኑ ውስጥ አስገባለሁ፤ ያንን የማደርገው ሥልጠናውን እንደገና ወስጄ፣ ብቻዬን ተፈትኜ ሳልፍ ነው። ፈጥኖ ደራሽ ትመለሳለች። የይለፍ ቃሏን ለሰው በመስጠቷ እሷም የቃል ወቀሳ አለባት። የካርድ ክፍሉ ኃላፊም እሷ ናት።

አስተማሪዋ የፈለገችውን ክስ ማቅረብ እንደምትችል በጽሑፍ ተነግሯታል። ምን እንዳሰበች አላውቅም። ብትከስ ሄጄ የምናገረውን ተናግሬዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ተመለሰች። ቁልፉን አስረከብኳት። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ከዳይሬክተሩ ንግግር አይሻልም። መሀል ላይ አቋረጠችኝ።

"መሳሳትዎ አይደለም የከበደኝ" አለች። "እኔም እሳሳታለሁ። 'ላስታውስ' ያሉት ነው። ልጆቼን ምን ብዬ እንደማሳድጋቸው ሳስብ ነበር ያን ሰሞን፣ እርስዎ እያስታወሱ እያለ።"

ኮቴን ከኃላፊው ወንበር ላይ አነሣሁ።

"የት ልቀመጥ?" አልኳት።

"በሩ አጠገብ። ብርሃን አለው።"

ለሻይ ስትወጣ ኮምፒውተሯን ቆልፋው ሄደች። እኔ እያየኋት። ልክ ናት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ በኋላ ሚስቴ ማታ ኮምፒውተር ወደምታስተምርበት ቤተ መጻሕፍቷ እየሄድኩ እማራለሁ። አሥራ ሁለት ተማሪዎች ነን፤ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ሁለት ነርሶች፣ የቀሩት ጡረተኞች። ሚስቴ በክፍል ውስጥ አታውቀኝም። "ተማሪ፣ እዚያ ጥግ ላይ ያለኸው፣ ሴቭ ሳታደርግ ልትዘጋው ነው" ትለኛለች። ቤት ስንገባ እራት ታቀርብልኛለች፤ ሌላ ሰው ናት።

እስካሁን የተማርኩት፦ ፋይል ማለት ካርድ ነው፤ ፎልደር መደርደሪያው ነው። ስም ስታወጣለት ነገ የሚፈልገውን ሰው እያሰብክ አውጣለት። መፈለግ ማለት ያወቅከውን መጻፍ ብቻ ሳይሆን ሌላው ሰው እንዴት ጽፎት ሊሆን ይችላል ብሎ መጠየቅ ነው። ይኼን የመጨረሻውን እኔ ድሮም አውቀው ነበር። ማሽኑ ፊት ስቀመጥ የማውቀውን ሁሉ በር ላይ ትቼ የምገባ ለምን እንደመሰለኝ እንጃ።

ልብስ ሰፊዋ ሁለቴ መጫን አቅቷት ስትበሳጭ፣ "በር እንደሚያንኳኩ" አልኳት። የአሠልጣኙ ቃል ነው፤ አፈርኩ።

የሆስፒታሉን ፈተና ትናንት ብቻዬን ወሰድኩ። ስድሳ አንድ፤ አልፌያለሁ። ማንም አላጨበጨበም። የኔ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

በራሴ የይለፍ ቃል የገባሁበት አራተኛ ቀን። ዛሬ አርባ አንድ ካርድ አስገባሁ። ድሮ ይኼን ያህል የማወጣው በግማሽ ሰዓት ነበር፤ አሁን ቀኑን ሙሉ ነው። በስም እፈልጋለሁ፣ በሀሌታውም በሐመሩም፣ በእሳቱም በንጉሡም፤ ከዚያ በስልክ፣ ከዚያ በእናት ስም። ከዚያ በኋላ ነው "አዲስ" የምለው። ይህን ቅደም ተከተል ፈጥኖ ደራሽ ጽፋ መስኮቱ ላይ ለጥፋዋለች፤ አዲሱ ልጅም በዚያው ነው የሚሠራው። አንደኛው መስመር ግን ስለ መፈለግ አይደለም፤ "የማይስማማው መድኃኒት መኖሩን ሰውየውን ጠይቅ፤ መናገር ካልቻለ አጽፈው" ይላል።

አስተማሪዋ ማክሰኞ ለክትትል መጥታ ነበር። ድምፅዋ ተመልሷል፣ ትንሽ ሻካራ ነው። መስኮቱ ላይ ስሟን ፊደል በፊደል ቆጥራ ተናገረች። ወደኔ አላየችም፤ አዲሱ ልጅ እስኪያገኛት ድረስ ስክሪኑን ነበር የምታየው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፈጥኖ ደራሽ የቀኑን ሥራ ስትመረምር ቆይታ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ሦስት ስሕተት። አንድ የልደት ዓመት፣ አንድ የስልክ ቁጥር፣ አንድ ወንድ ሴት ብዬው። ከእያንዳንዱ ጎን ያስገባው ሰው ስም ተጽፏል። ሙሉ ስሜ፣ ከነአባቴ፣ ሦስት ጊዜ።

"ከአርባ አንድ ሦስት" አለች። "ነገ ሁለት ያድርጉት።"

"እሺ አለቃ" አልኳት።

ኮቴን ለብሼ ነበር፤ አወለቅኩት። ሦስቱንም አርሜ ነው የወጣሁት።